ስሙ ሳይታወቅ በየእጃችን ያለው ሰው፦ ዴኒስ ሪቺ

ሪራ ከጎባ ተነሥቶ የሳነቲን አምባ አቋርጦ ወደ ሐረና ጫካ በሚወርደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ዛሬ በሪራም ሆነ በሮቤ፣ በጎባም ሆነ በደሎ መና የማርና የቡና ዋጋ የሚያጠያይቅ ገበሬ፣ ገንዘብ የሚልክ ነጋዴና ዜና የሚያነብ የከተማ ነዋሪ ጉዳዩን በስልክ ይፈጽማል። በአገልግሎት ላይ ካሉት ዘመናዊ ስልኮች አብዛኞቹ በአንድሮይድ ይሠራሉ። አንድሮይድ የቆመው ሊኑክስ በተባለ መሠረት ላይ ነው፤ ሊኑክስ በበኩሉ ዩኒክስ የተባለውን ሥርዓት ፈለግ ተከትሎ፣ በአብዛኛው ሲ በተባለ የፕሮግራም ቋንቋ ተጽፏል። የሲ ቋንቋ ፈጣሪና ከባልደረባው ከኬን ቶምፕሰን ጋር የዩኒክስ መሥራች የሆነው ሰው ዴኒስ ሪቺ ይባላል።

የሪቺ ስም ከሙያው ሰዎች ውጪ እምብዛም አይነሣም። ምክንያቱ የሥራው ጠባይ ነው። ኮምፒውተርም ሆነ ስልክ ሲሠራ ዓይናችን የሚያየው ምስሉንና ጽሑፉን ብቻ ነው። ከዚያ ሥር ግን ከርነል የሚባል ፕሮግራም አለ። ቃሉ በእንግሊዝኛ በቅርፊት ውስጥ ያለውን ፍሬ ያመለክታል። ተጠቃሚው ትእዛዝ የሚሰጥበት የላይኛው ክፍል ደግሞ ሼል፣ ማለትም ቅርፊት ተብሏል። ቡና አምራች የሆነ ሰው ስያሜውን ለመረዳት አይቸገርም፤ ቅርፊቱ ከውጭ ይታያል፣ የሚፈለገው ፍሬ ግን ከውስጥ ነው። ከርነል የመሣሪያውን አካላት ሁሉ ይገዛል። ማህደረ ትውስታውን ለየፕሮግራሙ ያከፋፍላል፣ ዲስኩን ያነብባል፣ ከቁልፍ ሰሌዳውና ከኔትወርኩ የሚመጣውን ይቀበላል፣ አንዱ ፕሮግራም የሌላውን ድንበር እንዳያልፍ ይጠብቃል። ከርነል ከወደቀ መሣሪያው በሙሉ ይቆማል።

ዴኒስ ሪቺ የተወለደው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 9 ቀን 1941፣ በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 4 ቀን 1933 ዓ.ም. በአሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛት፣ ብሮንክስቪል በምትባል ከተማ ነው። ኢትዮጵያ ከፋሺስት ወረራ ነፃ የወጣችበት፣ ንጉሠ ነገሥቱም ወደ አዲስ አበባ የተመለሱበት ዓመት ነበር። አባቱ አሊስቴር ሪቺ በቤል የምርምር ማዕከል ለረጅም ዘመን ያገለገሉ ሳይንቲስት ነበሩ። የስልክ ጥሪዎችን እርስ በርስ ስለሚያገናኙት የመቀያየሪያ ዑደቶች ከባልደረቦቻቸው ጋር መጽሐፍ አሳትመዋል። ቤተሰቡ ወደ ኒው ጀርሲ በመዛወሩ ልጁ ያደገው ሰሚት በተባለች ከተማ ነው። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ከተማረ በኋላ በዚያው በተግባራዊ ሒሳብ ትምህርቱን ቀጠለ። ፊዚክስ የልቡን አላደረሰለትም፤ የኮምፒውተር አሠራር ግን ከተማሪነቱ ጀምሮ ማረከው።

የሦስተኛ ዲግሪ ጽሑፉን እ.ኤ.አ. በ1968 ጽፎ ጨርሷል። ሆኖም የተጠረዘ ቅጂ ለዩኒቨርሲቲው ማስገባት ይጠበቅበት ነበር፤ ይህን ሥርዓት ሳይፈጽም ቀረ። በዚህ የተነሣ በዓለም ዙሪያ የዶክትሬት ተማሪዎች ሥራውን እያጠኑ የተመረቁበት ሰው እርሱ ራሱ ዲግሪውን ሳይቀበል ኖረ። ጽሑፉ ለብዙ ዘመን ከሕዝብ ዓይን ተሰውሮ ቆይቶ ከሞተ ከዓመታት በኋላ ይፋ ሆኗል።

ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1967 አባቱ ይሠሩበት ወደነበረው የቤል የምርምር ማዕከል ገባ። ማዕከሉ የታላቁ የስልክ ኩባንያ የኤቲ ኤንድ ቲ ክፍል ሲሆን መቀመጫው በኒው ጀርሲ መሪ ሂል ነበር። በዚያን ጊዜ ቤል፣ ጄኔራል ኤሌክትሪክና የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መልቲክስ የተባለ ሥርዓት በጋራ ይገነቡ ነበር። ዓላማው ብዙ ሰዎች አንድን ትልቅ ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ እንዲጋሩት ማስቻል ነው። ሥራው ግን እየገዘፈና እየተጓተተ ሄደ፤ ቤልም እ.ኤ.አ. በ1969 ከፕሮጀክቱ ወጣ። ኬን ቶምፕሰን፣ ሪቺና ጥቂት ባልደረቦቻቸው የለመዱትን የጋራ መሥሪያ አጡ። አዲስ ኮምፒውተር እንዲገዛላቸው ቢጠይቁም ጥያቄያቸው ተቀባይነት አላገኘም።

ቶምፕሰን ብዙም የማይሠራበት አንድ ፒዲፒ-7 ኮምፒውተር አገኘ። በዘመኑ መለኪያም ቢሆን ያረጀና አቅሙ ውስን ነበር። የዩኒክስ የመጀመሪያ ቅርጽ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1969 በዚያ አሮጌ መሣሪያ ላይ ነው። የመሣሪያው ማነስ ሥራውን ጠቀመው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ለትርፍ ነገር ቦታ ባለመኖሩ እያንዳንዱ ፕሮግራም ትንሽ ሆኖ አንድ ሥራ ብቻ በደንብ እንዲሠራ፣ ትልቁ ሥራም ትንንሾቹን በማጋጠም እንዲከናወን የሚያደርግ ልማድ ተተከለ።

ቡድኑ ቀጥሎ ያገኘው ፒዲፒ-11 የተባለውን ኮምፒውተር ነው። የተገዛላቸውም ለቤል የፈጠራ መብት ክፍል ጽሑፍ ማዘጋጃ ሥርዓት እንደሚሠሩ ቃል በመግባታቸው ነበር። ማህደረ ትውስታው 24 ኪሎባይት ብቻ ነው። ዛሬ በስልክ የሚነሣ አንድ ፎቶግራፍ እንኳ ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ከዚህም የከፋው፣ መሣሪያው አንዱን ፕሮግራም ከሌላው የሚለይበት መከላከያ አልነበረውም። አንድ ሰው የጻፈው አዲስ ፕሮግራም ስሕተት ካለበት የሌሎቹን ሥራ ሁሉ ይዞ ይወድቃል። ስለዚህ አዲስ ፕሮግራም ለመሞከር የተዘጋጀ ሰው የፋይሉን ስም ጮክ ብሎ በመጥራት ባልደረቦቹ ሥራቸውን እንዲያስቀምጡ ማስጠንቀቁ የጨዋ ደንብ ሆነ። የፈጠራ መብት ክፍሉ ጸሐፊዎች በዚያው ኮምፒውተር ላይ በየዕለቱ ይጽፉ ነበርና ጥንቃቄው ቀልድ አልነበረም።

እስከዚያ ጊዜ ድረስ ከርነል በአብዛኛው የሚጻፈው አሴምብሊ በሚባል፣ ከአንዱ ዓይነት መሣሪያ ጋር ብቻ በሚግባባ ቋንቋ ነበር። መሣሪያው ሲቀየር የተጻፈው ሁሉ ይጣላል፤ ሥራውም ከዜሮ ይጀመራል። ሪቺ ቶምፕሰን ያዘጋጀውን ቢ የተባለ ቋንቋ መነሻ አድርጎ፣ እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1973 ባሉት ዓመታት ሲን አበጀ። ሲ ለሰው ልጅ የሚነበብ ሆኖ ሳለ ወደ መሣሪያው አካል ቀርቦ ለመሥራት ያስችላል። እ.ኤ.አ. በ1973 የዩኒክስ ከርነል በሲ እንደገና ተጻፈ። ከርነልን ያህል ነገር ከአሴምብሊ ውጪ መጻፍ አቅምን ማባከን ነው የሚለው አስተሳሰብ በሙያው ዘንድ ሰፍኖ ነበርና ይህ ድፍረት የተሞላበት እርምጃ ነበር።

በዩኒክስ ውስጥ ሪቺ ትልቅ ድርሻ ያለው ሌላው ሐሳብ፣ የመሣሪያው አካላት እንደ ፋይል እንዲታዩ ማድረግ ነው። የቁልፍ ሰሌዳው፣ ዲስኩና ማተሚያው ልክ እንደ አንድ ጽሑፍ ይከፈታሉ፣ ይነበባሉ፣ ይጻፍባቸዋል። ይህ ነገር ለብልሽት ፍለጋ ያለው ጥቅም ከፍ ያለ ነው። ባለሙያው የቁልፍ ሰሌዳ አልሠራ ሲለው የሰሌዳውን ፋይል ከፍቶ ያነብባል። ፊደል ከመጣ ሽቦውና አካሉ ደኅና ናቸው፤ ችግሩ ከላይ ባለው ፕሮግራም ነው። ምንም ካልመጣ ደግሞ ወደ ታች ወርዶ አካሉን ወይም ከርነሉን ይመረምራል። ብልሽት ያለበትን ንብርብር ለይቶ ማወቅ የጥገና ግማሹ ነው። የሊኑክስ ከርነልም ሲነሣ ያገኘውን አካል ሁሉና ያጋጠመውን እንቅፋት በመዝገብ ያሰፍራል። ዛሬ የሰርቨርም ሆነ የስልክ ጠጋኝ የሚያነብበው ይህንን መዝገብ ነው።

የሪቺን ጠባይ ከሁሉ በላይ የሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ1977 የሆነው ነው። እርሱና ስቲቭ ጆንሰን የተባለ ባልደረባው ዩኒክስን ከፒዲፒ-11 ፈጽሞ ወደሚለይ ኢንተርዳታ 8/32 ወደተባለ ኮምፒውተር ሊያሻግሩት ተነሡ። በከርነሉ ውስጥ አንዱን ፕሮግራም አቁሞ ሌላውን የሚያስቀጥል ጥቂት መስመር ኮድ ነበር። ከጎኑም አንባቢው ይህን እንዲረዳ አይጠበቅበትም የሚል ማስታወሻ ሰፍሮ ነበር፤ ማስታወሻው በሙያው ዘንድ እጅግ የታወቀ ነው። ያ ኮድ በአሮጌው መሣሪያ ላይ ለዓመታት ያለ እንከን ሠርቷል። በአዲሱ ላይ ግን ሊሠራ አልቻለም። ሲመረመር ኮዱ የቆመው በአንድ አጋጣሚ ላይ ሆኖ ተገኘ፤ በፒዲፒ-11 ላይ የሲ ተርጓሚ ፕሮግራም የሥራውን ሁኔታ የሚያስቀምጠው ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ ነበር። በኢንተርዳታ ላይ ግን አቀማመጡ እንደየሁኔታው ይለያያል። ስለዚህ ዘዴው ከሥሩ ተቀየረ። ሪቺ ከብዙ ዓመታት በኋላ ጉዳዩን ሲተርክ ማስታወሻው ትዕቢት እንዳልነበረና ጸሐፊዎቹ ራሳቸው በቅጡ ያልተረዱት ነገር እንደነበር ያለ ማድበስበስ ጻፈ። ለዓመታት የሠራ ነገር ትክክል ነው ማለት እንዳልሆነ ያ ሥራ አሳይቷል። መሬቱ ሲለወጥ የዘሩ ጉድለት እንደሚታይ ሁሉ፣ የተደበቀ ስሕተት የሚገለጠው መሣሪያው ሲለወጥ ነው።

የዩኒክስ ዕጣ በቴክኒክ ብቻ አልተወሰነም። ኤቲ ኤንድ ቲ እ.ኤ.አ. በ1956 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ባደረገው ስምምነት ከስልክ አገልግሎት ውጪ ባለ ንግድ እንዳይሰማራ ተገድቦ ነበር። ስለዚህ ዩኒክስን እንደ ሸቀጥ ሊሸጠው አልቻለም፤ ለዩኒቨርሲቲዎች ግን ከነምንጭ ኮዱ በጥቂት ክፍያ ይሰጥ ነበር። ተማሪዎች ከርነሉን ከፍተው ያነብባሉ፣ ስሕተቱን ያርማሉ፣ እርማቱንም መልሰው ይልካሉ። በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ጆን ላይንስ ኮዱን በሙሉ ከማብራሪያ ጋር ለተማሪዎቻቸው አዘጋጁ። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው ፈቃድ ኮዱ በክፍል ውስጥ እንዳይጠና ሲከለክል፣ የላይንስ ማብራሪያ በፎቶ ኮፒ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ የአንድ ትውልድ መማሪያ ሆነ። በሕጋዊ መንገድ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው።

በሩ መዘጋቱ ሌላ በር አስከፈተ። በኔዘርላንድስ የሚያስተምሩት አንድሩ ታነንባውም እ.ኤ.አ. በ1987 ለትምህርት የሚሆን ሚኒክስ የተባለ ትንሽ ሥርዓት ጻፉ። በእርሱ የተለማመደው የፊንላንድ ተማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑክስን ጀመረ፤ ኮዱንም ለማንም ክፍት አደረገው። ሊኑክስ ከዩኒክስ የተገለበጠ አይደለም። የቆመበት ሐሳብና የተጻፈበት ቋንቋ ግን ከመሪ ሂል የመጡ ናቸው። ዛሬ በአንድሮይድ ስልኮች፣ በኢንተርኔት ሰርቨሮችና በዓለም ታላላቅ ኮምፒውተሮች ውስጥ ያለው ከርነል ይኸው ነው።

ሪቺ ከብራያን ከርኒሃን ጋር እ.ኤ.አ. በ1978 ያሳተመው የሲ ቋንቋ መጽሐፍ በአጭርነቱና በግልጽነቱ የፕሮግራም መጻሕፍት አርአያ ሆኗል። ነገር ግን ስለ ሲ ሲነገር ጉድለቱንም መደበቅ አይገባም። ቋንቋው ጸሐፊውን ስለሚያምን ከተፈቀደለት የማህደረ ትውስታ ወሰን አልፎ ሲጽፍ አያስቆመውም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1988 በኢንተርኔት ተዛምቶ በሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮችን ያሰናከለው ትል የተባለ ፕሮግራም ከተጠቀመባቸው ቀዳዳዎች አንዱ ይህ ነበር። እስከ ዛሬም ከሚገኙት የደኅንነት ስሕተቶች ብዙዎቹ ከዚሁ የሚመነጩ ናቸው። ለሠለጠነ እጅ የተሳለ ቢላዋ ላልጠነቀቀ ሰው አደጋ ነው።

ከዚያ ዘመን የወረስነው ሌላ ነገር ደግሞ ጊዜ አቆጣጠር ነው። ባትሪው አልቆ ብዙ የቆየ ስልክ ሲከፈት አንዳንዴ ዓመቱን 1970 ብሎ ያሳያል። ስልኩ አብዷል ማለት አይደለም። በዩኒክስ ልማድ መሣሪያው ጊዜን የሚቆጥረው እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970፣ ማለትም ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ጀምሮ በሴኮንድ ነው። ቆጠራው የጠፋበት መሣሪያ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ይህ ቆጠራ በአሮጌዎቹ ባለ 32 ቢት መሣሪያዎች የሚደርሰው እስከ 2,147,483,647 ብቻ ነው። በእኛ አቆጣጠር የሚሞላው በጥምቀት ዕለት፣ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሴኮንድ ላይ ይሆናል። አዳዲስ መሣሪያዎች በ64 ቢት ስለሚቆጥሩ አይነካቸውም። ያልታደሱ አሮጌ መሣሪያዎች ግን በዚያች ቅጽበት ቀናቸው ወደ 1901 ሊዞር ይችላልና ከወዲሁ መፈተሽ አለባቸው።

ለአማርኛ አንባቢ ይበልጥ የሚቀርብ ውርስም አለ። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1992 የሪቺ ባልደረቦች ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ፣ ከዩኒክስ ቀጥሎ ፕላን 9 ለተባለው ሥርዓታቸው ሲሉ የዓለምን ፊደላት ሁሉ የሚያስተናግድ ዩቲኤፍ-8 የተባለ አጻጻፍ ዘዴ ቀየሱ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ገባ። ቀድሞ በአንዱ ኮምፒውተር የተጻፈ አማርኛ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት እየሆነ ያስቸግር ነበር። ዛሬ ግን አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይዞ ከየትም ወደየትም ሳይዛባ ይጓዛል። አንባቢ ይህን ጽሑፍ በስልኩ ሲያነብ ፊደላቱ የሚደርሱት በዚሁ መንገድ ነው።

ሪቺ በማዕከሉ በመጀመሪያ ፊደሎቹ፣ ዲኤምአር ተብሎ ይታወቅ ነበር። ዝምተኛ፣ ትሑትና ሌሊት መሥራት የሚወድድ ሰው እንደነበር የሚያውቁት ይመሰክራሉ። እ.ኤ.አ. በ1983 ከቶምፕሰን ጋር በኮምፒውተር ሳይንስ የበላይ የሆነውን የቱሪንግ ሽልማት ተቀበለ። የ1998ን የአሜሪካ ብሔራዊ የቴክኖሎጂ ሜዳሊያ ሁለቱም ከፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን እጅ ተቀብለዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 ጡረታ ወጣ፤ በ2011ም የጃፓን ሽልማት ተሰጠው። ስለ ሥራው በጻፋቸው ታሪኮች ሁሉ ሐሳብ ያዋሱትን፣ ስሕተት ያገኙትንና ያረሙትን ሰዎች ስም እየጠራ ያመሰግናል።

በዚያው ዓመት መጸው በኒው ጀርሲ በርክሌይ ሃይትስ ብቻውን ይኖርበት በነበረው ቤት ሞቶ ተገኘ። ቀኑ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 12 ቀን 2011፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 1 ቀን 2004 ዓ.ም. ሲሆን ዕድሜው 70 ነበር። አስከሬኑ ከመገኘቱ አንድ ሳምንት አስቀድሞ፣ መስከረም 24 ቀን፣ የአፕል ኩባንያ መሥራች ስቲቭ ጆብስ አርፎ ነበር። ለጆብስ ዓለም በአደባባይ አለቀሰ፣ ሻማ አበራ፣ አበባ አኖረ። የሪቺ ሞት ግን በሙያው ሰዎች መካከል ብቻ በለሆሳስ ተሰማ። የአፕል ኮምፒውተሮችና ስልኮች ራሳቸው ከዩኒክስ ቤተሰብ በሆነ፣ በሲ በተጻፈ ከርነል ላይ የቆሙ መሆናቸውን ያስታወሱ ጥቂቶች ናቸው።

የሪቺ ውርስ በሐውልት የሚለካ አይደለም። ከትውልድ ወደ ትውልድ የተሻገረው፣ የሚሠራውን ነገር ከፍቶ ማየትና ስሕተቱን ፈልጎ ማረም የሚቻል መሆኑ ነው። የሊኑክስ ከርነል ኮድ ዛሬ ለማንም ክፍት ነው። በሮቤ መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ወጣት በካሊፎርኒያ ያለው መሐንዲስ የሚያነብበውን ያንኑ መስመር በእኩል መብት ሊያነብበው፣ ጉድለት ካገኘበትም አርሞ ሊልከው ይችላል። ፈቃድ መጠየቅ፣ ውድ ዋጋ መክፈልም አይጠበቅበትም። የሚጠበቅበት ትዕግሥትና ያልገባውን አልገባኝም ለማለት መድፈር ነው። ሪቺ ይህን ያደረገው በስሙ ታላቅነት ከተከበረ በኋላ ጭምር ነበር።